ናደውና ማር የተቀባው ኮቴ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ጸባቸውን በሽማግሌ፣ ሥራቸውን በደቦ በሚጨርሱበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ናደው የሚባል ጎረምሳ ጅብ ይኖር ነበር። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዚህን ጎረምሳ ስም ያወጣው ግን አባቱ አያ ጎሽሜ ነው፤ አያ ጎሽሜን ደግሞ ከመልአክ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር አልነበረም።

አያ ጎሽሜ ሆዱ ሲሞላ ይተኛል፣ ሆዱ ሲጎድል ልጁን ይመታል። አንዳንድ ቀን ጠግቦም ይመታዋል፤ እጁ እንዳይሰንፍ ብሎ ይመስላል። ናደው አጥንቱን ቀድሞ ካነሳ «ስግብግብ!» ተብሎ የወይራ ዱላ ይቀምሳል። ሳያነሳ ከቆየ «ፈሪ!» ተብሎ ይደገመዋል። ቢስቅ ይመታል፣ ቢያለቅስ ይመታል፣ ዝም ካለ ደግሞ «ምን እያሰብክ ነው?» ተብሎ ይመታል። ስለዚህ ናደው ማሰቡን ተወው። ማሰብ ጊዜ ይወስዳል፤ ዱላ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በማሰብ ፈንታ ሌላ ነገር ለመደ። አጠገቡ ማንም እግሩን ከፍ ካደረገ ጆሮው ይታጠፋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ጥርሱ ይቀድማል። ማንን እንደነከሰ የሚያውቀው ከነከሰ በኋላ ነው።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ናደው እውነትም ቀንድ ነክሷል። አንድ ጨዋ አጋዘን «እንደምን አደርክ» ሊለው አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ፣ ናደው ሊመታኝ ነው ብሎ ቀንዱን ግጥም አደረገው። አጋዘኑ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሮጠ፤ ናደውም ጥርሱን አሞት ሰነበተ።

ከዚያ ወዲህ በሸለቆው ውስጥ የተሰበረ፣ የተበተነ፣ የተነከሰ ነገር በተገኘ ቁጥር ሁሉም «ናደው ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነበር። የጅግራ ጎጆ ይበትናል፣ የፍልፈል ጉድጓድ ይደረምሳል፣ ወንዝ ዳር ያሸለበውን ሁሉ በጩኸት ያባንናል። ለምን እንደሚያደርገው ቢጠየቅ ራሱም አያውቀውም። ብቻ ሌሎቹ ሲሸሹት ደስ ይለው ነበር፤ የሚሸሽ አይመታማ።

አንድ የማይሸሸው ነበር፣ ቀበሮው ብልጤ። «አንተ እኮ ወንድ ነህ! በላቸው!» ይለዋል። ናደው የጅግራዋን ጎጆ ሲበትን እንቁላሉን የሚውጠው ብልጤ ነው። ናደው ግን ጅብ አይደል? ጓደኛ ያገኘ መስሎት ነበር።

በዚያ ዓመት በጋው ከፋ። ወንዙ ቀጠነ፣ ምንጩም መንጠባጠብ ጀመረ። የሸለቆው ገዥ ንጉሥ አንበሳ «ትልቅም ትንሽም ለደቦ ይውጣ፣ ከምንጩ ሥር ኩሬ ቆፍረን ውሃውን እንገድባለን» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሁሉም ወጣ። ከርከሮ በክራንቻው ቆፈረ። ዝሆን በኩምቢው ድንጋይ አነሳ። ሽማግሌው አህያ አባ ዳለቻ ጭቃውን በጀርባቸው አመላለሱ። እመት ጦጢት ደግሞ ከምንጩ አጠገብ ባለ ሾላ ዛፍ ላይ ተቀምጣ «በርቱ! በርቱ!» እያለች ዘፈነች፤ እሷም ሥራ መሥራቷ ነው።

ናደውን ማንም አልጠራውም። የደቦው ዘፈን ግን ከሩቅ ሳበውና መጣ። ዳር ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ቀጥሎ አላስችል አለውና መቆፈር ጀመረ። ለካስ መቆፈር ያውቅበታል! አፈሩ ወደ ኋላው ሲፈነጠር ከርከሮ አይቶ «እሰይ፣ የኔ አንበሳ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለው። ንጉሥ አንበሳ በዚህ ምስጋና ትንሽ ቢያስነጥሳቸውም አለፉት። ናደው ለበጎ ሥራ ተመስግኖ አያውቅም ነበርና ደረቱ ሞቀው፣ ይበልጥም ቆፈረ። ግድቡ አለቀ፣ ውሃው ሞላ፣ ሁሉም እልል አለ።

ያኔ ከርከሮ በደስታ የናደውን ትከሻ ቸብ ሊያደርግ እግሩን አነሳ።

ናደው ያየው የተነሳ እግር ብቻ ነው። ጆሮው ታጠፈ፣ ጥርሱ ቀደመ። ከርከሮ «ወይኔ!» ብሎ ጮኸ፣ ናደውም በድንጋጤ ጮኸ፣ ሁለቱ ተያይዘው ግድቡ ላይ ወደቁ። ግድቡ ተናደ። ያ ሁሉ የተለፋበት ውሃ ሽው ብሎ ወረደና አሸዋ ጠጣው።

ቀጥሎ ከዚህም ከዚያም «ይባረር! ይባረር!» የሚል ድምፅ ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ሾላው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። ናደው መሐል ቆመ። መባረር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከገደሉ ማዶ ያለው በረሃ ነው፤ በዚህ በጋ ብቻውን ወደዚያ የሄደ ጎረምሳ ውሃ ሳያገኝ ይቀራል። ፍርሃቱ እንዳይታወቅበት ግን ጥርሱን አሳየ። ይህን ያዩ ሁሉ «አያችሁት? አሁንም አያፍርም!» አሉ።

«አባቱ የት አለ?» አሉ ንጉሥ አንበሳ።

አያ ጎሽሜ እያዛጋ መጣ፣ ዱላውን እንደያዘ። «ጌታዬ፣ "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" ይባላል» አለ። «እኔ ግን ልጄን ቀጥቻለሁ! ጠዋት ቀጥቻለሁ፣ ማታ ቀጥቻለሁ። ካልታረመ እንግዲህ አንሶት ይሆናላ!» ይህንንም ለማስረዳት ልጁን እዚያው በዱላው ዠለጠው። ናደው አባቱን መንከስ አይችልምና የሾላውን ሥር ነከሰ።

ከሸንጎው ሁሉ የናደውን ጆሮ ሲመለከቱ የነበሩት አባ ዳለቻ ብቻ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ ይፈቀድልኝ። ወደዚህ ሸለቆ ሳልመጣ ጭነት ተሸካሚ ነበርኩ። ጀርባዬ ላይ ያልተሰበረ የዱላ ዓይነት የለም፤ ወይራውን ከክትክታው በሕመሙ እለየዋለሁ። ዱላ ጭነት እንዴት እንደሚያዝ አላስተማረኝም። ያስተማረኝ መራገጥን ነው። ይህም ልጅ መንከስን ተማረ። ሌላ አስተማሪ መቼ አየና?»

«አቤት ርኅራኄ!» አለ ቀበሮ ብልጤ ከኋላ ሆኖ። «ታዲያ አባ ዳለቻ፣ ወስደው ከጎንዎ አያስተኙትም?»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እስኪያባራ ጠብቀው አባ ዳለቻ «እወስደዋለሁ» አሉ።

እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

በዚያ አገር ወግ የሌላውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ የሚቀበል ሁሉ አውራ ጣቱን ማር ይቀባና በሽማግሌዎች ፊት ልጁን ያጠባዋል። ማሩን የጠባ የጡት ልጅ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ንጉሥ አንበሳ ወጉን ያውቃሉ፤ አባ ዳለቻንም ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«አባ ዳለቻ፣ እርስዎ እኮ አውራ ጣት የለዎትም።»

«ኮቴ አለኝ፣ ጌታዬ።»

«ኮቴዎን? ጅብ አፍ ውስጥ?»

«ሌላ ምን አለኝና ጌታዬ!»

ንጉሡ ጎፈራቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «መልካም። ጨረቃ እስክትሞላ ልጁ ከእርስዎ ጋር ይሁን። ያን ቀን ማሩን ጠብቶ ኮቴዎን በደኅና ከለቀቀ የሸለቆው ልጅ ነው። ከነከሰ ግን ዕለቱን ገደሉን ይሻገራል።»

«ውሰዱት!» አለ አያ ጎሽሜ። «አንድ አፍ ቀለለልኝ።» ይህ ቃል ከዱላው ሁሉ ይልቅ ናደውን አመመው፤ ሊነክሰው የሚችለው ነገር ግን አላገኘም።

አባ ዳለቻ የሚኖሩት አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር፣ ድርቆሽ ጎዝጉዘው ነው። ናደው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

«አባ ዳለቻ፣ አይፈሩኝም?»

«እፈራሃለሁ እንጂ! ጅብ የማይፈራ አህያ ቂል ነው።»

«ታዲያ ለምን ወሰዱኝ?»

«እየፈሩም ይወሰዳል» አሉና ድርቆሹን ከፍለው አነጠፉለት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁለቱም ፈተና ነበሩ። አባ ዳለቻ ዱር ውስጥ ያረጀ አጥንት ያለበትን ቦታ አሳይተውት ነበር፤ ቢሆንም ወፍራም አህያ አጠገብ ተኝቶ ደረቅ አጥንት መቆርጠም ለጅብ ቀላል አይደለም።

«ናደው፣ ዳሌዬን እያየህ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ማየት ክልክል አይደለም። እያዩ ማለፍን ነው የምንማረው። በል ወደ አጥንትህ።»

ውለው አድረው ዋናውን ትምህርት ጀመሩ። «ሰዎች አህያ መንገድ ላይ ሲቆም ግትር ይሉታል» አሉ አባ ዳለቻ። «ተሳስተዋል። ጭነቱ ያዘመመ ሲመስለው፣ መንገዱ ሲያጠራጥረው አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ሐሳቡ እስኪደርስበት እየጠበቀ ነው። ያንተ ሐሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል፤ ጥርስህ ጥሎት ይሄዳል። ጠብቀው እንጂ!»

«እንዴት አድርጌ ልጠብቀው?»

«አራት እግርህን ትከል። መንጋጋህን አላላ። ትንፋሽህን አውጣ። ከዚያ እግሩን ያነሳው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንዳነሳው ተመልከት።»

ልምምዱ ሾላው አጠገብ ተጀመረ። አባ ዳለቻ ራቅ ብለው እግራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ናደው አየር ይነክሳል። ከፍ ያደርጋሉ፤ ይነክሳል። አንዴማ ራሱን ለመግታት ሲዞር የገዛ ጭራውን ነከሰ። እመት ጦጢት ይህን አይታ በሳቅ ፍርስ አለች፤ የሾላ ፍሬም በናደው ራስ ላይ ታዘንብ ጀመር። «ለትምህርቱ ነው!» ትላለች። መጀመሪያ ናደው ፍሬ በወደቀበት ቁጥር ዛፉን እየነከሰ አስቸገረ። ቀስ በቀስ ግን መቆም ቻለ። በኋላማ አራት እግሩን ተክሎ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ የወደቀውን ሾላ አሽትቶ «እመት ጦጢት፣ ይቺ አልበሰለችም» እስከማለት ደረሰ። ጦጢት አኩርፋ መወርወሯን ተወች።

ይህ ሁሉ ቀና ብቻ ሆኖ ሄደ ብላችሁ እንዳታስቡ። አንድ ቀን ናደው አጥንት ፍለጋ ወጥቶ ባዶውን ሲመለስ ቀበሮ ብልጤ መንገድ ላይ ጠበቀው። «የአህያ ልጅ!» አለው። «ዛሬ እራታችሁ ድርቆሽ ነው ገለባ?» ናደው ብልጤን ሊይዘው ቢሮጥ አመለጠው። እየነደደ ገባና የአባ ዳለቻን ድርቆሽ ቦጫጨቀ፣ በተነ፣ የውሃውን ቅል አሽቀንጥሮ ሰበረ። ንዴቱ ሲበርድለት የሠራውን አየ። ጥጉ ውስጥ ገባ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጆሮውን አጥፎ ዱላውን ጠበቀ።

የአባ ዳለቻ እርምጃ ተሰማ። ቆመ። ዱላው ግን አልመጣም።

«ልጄ፣» አሉ አባ ዳለቻ፣ «አንተ በዚያ በኩል ሰብስብ፣ እኔ በዚህ በኩል እሰበስባለሁ።»

ናደው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አይመቱኝም?»

«ብመታህ ድርቆሹ ይሰበሰባል?»

ይህ ጥያቄ ለጅብ ከባድ ነው። ናደው ረጅም ጊዜ አሰበበት። «አይሰበሰብም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ተነስ። ነገ ደግሞ የሰበርከውን ቅል የሚተካ ፈልገህ ታመጣለህ።»

ናደው እየሰበሰበ አለቀሰ። ሲያለቅስ የሚመታው ስላልነበረ እስኪወጣለት አለቀሰ፤ ንፍጡም ድርቆሹ ላይ ተንጠባጠበ። አባ ዳለቻ የረጠበውን ድርቆሽ አይተው «መቼስ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» አሉና በራሳቸው መኝታ በኩል አነጠፉት። በማግስቱ ናደው ቅል ይዞ መጣ። ማንም ሳያዘውም ወደ ፈረሰው ኩሬ ሄዶ መቆፈር ጀመረ። ከርከሮ ለጥቂት ቀናት ከሩቅ ሆኖ ሲያየው ቆየና፣ ናደውን ከወዲያኛው ዳር አድርጎ እሱ በወዲህኛው ዳር ይቆፍር ጀመር፤ ግድቡም እንደገና ቆመ።

ጨረቃ የምትሞላበት ቀን ደረሰ። ገና ከሰዓት በፊት የሸለቆው እንስሳ ሁሉ ኩሬው ዳር ተሰበሰበ። ማሩን እንድታመጣ የታዘዘችው እመት ጦጢት ናት። ስትነሳ ቅሉ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ስትደርስ ግማሽ ሆኗል፣ ጢሟም እርስ በርሱ ተጣብቋል። «ዳገቱ ላይ ፈሰሰብኝ» አለች። ማንም አላመናት፣ ማንም አልተቆጣትም፤ ቀኑ የደስታ ቀን ነበር።

ቀበሮ ብልጤ ግን ማልዶ አያ ጎሽሜ ዘንድ ሄዶ ነበር። «አያ ጎሽሜ፣ ልጅዎ ዛሬ የአህያ ልጅ ሊባል ነው! የጅብ ዘር ድርቆሽ ሊያመነዥክ! ዝም ይላሉ? ምንም አያድርጉ፤ ኮቴው አፉ ውስጥ ሲገባ አንዴ ብቻ ይጩሁበት። የቀረውን ጥርሱ ራሱ ይጨርሰዋል።» ብልጤ ነገሩን አስልቶታል። ናደው ደንግጦ ይነክሳል፣ አህያው ይወድቃል፣ ግርግር ይነሳል፣ በግርግሩ መሐል ሥጋ ይገኛል። እንዲያውም ኩላሊቱን ለራሱ መርጦ ጨርሷል። አያ ጎሽሜ የገባው ግን «ይጩሁበት» የሚለው ብቻ ነው፤ ለመጮህ ደግሞ ምክር አያስፈልገውም።

አባ ዳለቻ ቀኝ እግራቸውን ቅሉ ውስጥ ነክረው አወጡ። ማሩ በኮቴው ዙሪያ ተንጠባጠበ። «እንግዲህ "ጥባ" ይበሉት፤ "ብላ" እንዳይሉት» ብለው ንጉሥ አንበሳ ቀለዱ። ሁሉም ሳቀ፣ ከናደው በቀር። ናደው ፊቱ ያለውን ኮቴ፣ ከኮቴውም በላይ ያለውን ወፍራም ቅልጥም እያየ ምራቁን ዋጠ። ወደ ገደሉ ማዶም አየት አደረገ።

«ጥባ፣ ልጄ» አሉ አባ ዳለቻ።

ናደው አፉን ከፈተና ኮቴውን ያዘ። ማሩ ጣፈጠው። ከማሩ ሥር ግን ሌላ ነገር ምላሱ ላይ ተሰማው፤ የያዘው እግር ይንቀጠቀጣል። አባ ዳለቻ እየፈሩ ነው። እየፈሩም አልሳቡትም።

«ናደውውው!»

የአባቱ ድምፅ ከኋላው እንደ መብረቅ ወረደ፤ የዱላው ጥላም መሬቱ ላይ ተነሳ። ያንን ድምፅ የናደው አካል ከናደው ቀድሞ ያውቀዋል። ጆሮው ታጠፈ። ዓይኑ ጨለመ። መንጋጋው መግጠም ጀመረ፤ ኮቴው «ቋ» ሲል ሁሉም ሰማ። ከርከሮ ዓይኑን ጨፈነ። ብልጤ ከንፈሩን ላሰ። አባ ዳለቻ እግራቸውን አልነቀሉም።

ናደው አራት እግሩን ተከለ። መንጋጋው አልላላም። ትንፋሹን አወጣ። አሁንም አልላላም። ከኋላው የቀረውን ሐሳቡን ጠበቀው፤ መምጣቱን እርግጠኛ ሳይሆን ጠበቀው። ሐሳቡም እያነከሰ፣ እያለከለከ ደረሰና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ «ይህ እግር የማን ነው?»

መንጋጋው ላላ። ናደው ኮቴውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ማር ላሰው፤ መቼም ጅብ ነው፣ ማር አይተውም።

ንጉሥ አንበሳ የተሰነጠቀውን ኮቴ አዩና «ይዞ ነበር፤ ግን ራሱ ለቀቀ። የሸለቆው ልጅ ነው!» አሉ። ሸለቆው በእልልታ ተናወጠ! ዝሆን ኩምቢውን ነፋ፣ ጅግሮች ተነስተው በረሩ፣ ንጉሥ አንበሳ እንኳ ክብራቸውን ረስተው ዘለሉ። አያ ጎሽሜ ግን ዱላውን እንዳነሳ በሕዝቡ መሐል ሰንጥቆ መጣ። ናደው ዞረ። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ልጁ ቁመቱ ከአባቱ እኩል ሆኗል፣ መንጋጋውም አያንስም። የናደው ጆሮ አሁንም ታጠፈ፤ ያንን መከልከል ገና አልቻለም። ጥርሱ ግን ከቤቱ አልወጣም።

«አባዬ፣» አለ፣ «አልነክስህም። አንተም ከእንግዲህ አትመታኝም።»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ንጉሥ አንበሳ ከሁለቱ መሐል ገቡና «ያውርዱት፣ አያ ጎሽሜ» አሉ። «ይህን ልጅ ከዛሬ ወዲያ የነካ እኔን ነካ።» አያ ጎሽሜ አወረደው።

ብልጤ ነገሩ እንደተበላሸ ሲያይ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምሮ ነበር። የደረሰው ግን ሾላው ሥር ነው፤ ሾላው ላይ ደግሞ እመት ጦጢት ለራሷ ደብቃ ያስቀረችው የማር ሰፈፍ ነበር፣ ከነንቡ። «ለትምህርቱ ነው!» ብላ ራሱ ላይ ለቀቀችው። ብልጤ ጭራውን ቆልፎ ገደል ለገደል ፈረጠጠ፤ ንቦቹም እስከ ሩቅ ሸኙት። ማር ሲባል እስከ ዛሬ ያስነጥሰዋል ይባላል።

አያ ጎሽሜ ግን ንዴቱ አልወጣለትም። «እኔ ሥጋ አብልቼ ያሳደግኩህን ልጅ ይህ ድርቆሽ በላ በማር ጠብታ ገዛህ! ምን ሰጥቶህ ነው?»

ናደው አራት እግሩን ተከለ። ቆመ፣ ሐሳቡ እስኪደርስ ጠበቀ።

«አንተ እንድፈራህ ዱላ አነሳህብኝ» አለ። «እሳቸው እየፈሩኝ እግራቸውን አፌ ውስጥ አስገቡ።»

ጭፈራው ሲደራ አያ ጎሽሜ ዳር ላይ ተቀምጦ ዱላውን ያገላብጥ ነበር። ያ ዱላ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ወደ እጁ ከመግባቱ በፊት ዱላው የእሱን የአያ ጎሽሜን ጀርባ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ጭፈራው እንዴት ያለ ነበር መሰላችሁ! አባ ዳለቻ የተሰነጠቀች ኮቴያቸውን እያነሱ እስክስታ ወረዱ። ከርከሮም እያመነታ ወደ ናደው ቀረበና «ስማ፣ ትከሻህን ቸብ ላደርግህ ነው። እየነገርኩህ ነው። አሁን እግሬን አነሳለሁ» አለ። አነሳም። ናደው ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ቸብ ተደረገ። ሁለቱም በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ግድቡን ግን በጥንቃቄ ራቁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጎሽሜ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሁሉም ሊሄድ ነው ብሎ አሰበ። እሱ ግን ማንንም ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ ወደ መሐል መጣና ቅሉ አጠገብ ቆመ።

«ማሩ… ተርፏል ወይ?» አለ።

ሁሉም ፈነዳ። «አይ ጅብ! ከሆዱ ሌላ ምን ያውቃል!» ተባለ።

ናደው አልሳቀም። የአባቱ ዓይን ያለው ቅሉ ላይ አልነበረም። የአባ ዳለቻ ኮቴ ላይ ነበር።

አባ ዳለቻም አይተዋል። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ያልተሰነጠቁትን ሌሎች እግሮቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ፣ እየፈሩም ፈገግ አሉ።

«ለእርስዎም ማር የምቀባው እግር እንኳ ሞልቶኛል» አሉ። «ግን ያረጀ መንጋጋ ቶሎ አይላላምና ብዙ ቀን መልመድ አለብን። ነገ ዱላዎን ጥለው ይምጡ።»

አያ ጎሽሜ ነገን አልጠበቀም፤ ዱላውን እዚያው ጣለው። እመት ጦጢትም አንስታ የቅሉን ታች ፋቀችበት።

ከዚህ የምንማረው በዱላ ያደገ ልጅ መንከስን እንጂ ራሱን መግዛትን እንደማይማር፣ እየፈራም ቢሆን የሚያምነው ያገኘ ልጅ ግን የገዛ መንጋጋውን ሳይቀር ማሸነፍ እንደሚችል ነው።